ለበደሉኝ ሰባት ወንበር

ያን ቅዳሜ ጠዋት ባለቤቴ ከማድ ቤት ስትወጣ ሳሎኑ ውስጥ ሰባት ወንበር በረድፍ ተደርድሮ አገኘች። እርጥብ እጇን በሽርጧ እየጠረገች፣ «ውይ! ኧረ ማን ሞተ?» አለች።

«ማንም አልሞተም» አልኳት፣ ከረባቴን እያስተካከልኩ። «ይቅርታ ሊጠይቁኝ የሚመጡ ሰዎች አሉ።»

ሃያ ስድስት ዓመት አብራኝ ስለኖረች ለመሳቅም ለመናደድም አትቸኩልም። ወንበሮቹን በዓይኗ ቆጠረችና፣ «አምስቱ እኮ የሰው ናቸው» ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። አልዋሸችም። ሥራዬ ሶፋና ወንበር ማልበስ ነው፤ ሱቄም ከሳሎናችን ጋር በአንድ በር የምትገናኝ ጠባብ ክፍል ናት። የራሳችን ወንበር ሁለት ብቻ ነው፣ እሱም አንዱ ይንገዳገዳል። ስለዚህ ደንበኞች ለእድሳት ያመጧቸውን አምስቱን ከሱቅ አስገባኋቸው። አንዱ ጀርባ የለውም፤ የሌላው ስፖንጅ ወጥቶ ሞላው ይታያል። ይቅርታ ሊጠይቅ የመጣ ሰው ትንሽ ቢወጋው ምን ይሆናል ብዬ ነው። ሰፈሩ ጋሽ ሚስማር ይለኛል። ስሠራ ሚስማር በከንፈሬ ስለምይዝ ይመስለኝ ነበር፤ ታላቅ እህቴ ግን አንዴ ከገባ ስለማይወጣ ነው ትላለች።

በዐቢይ ጾም ቤተ ክርስቲያናችን ቅዳሜን ያለ ሥራ አያሳልፋትም። በመጀመሪያው ቅዳሜ መስኮቶቹን አጠብን። በሁለተኛው ምንጣፎቹን ፀሐይ ላይ አውጥተን ስንደበድብ ዋልን። በሦስተኛው ሆስፒታል ሄደን፣ ስንት ቀን እንቅልፍ አጥቶ ገና ያሸለበውን በሽተኛ በመዝሙር ቀሰቀስነው። ለአራተኛው ኮሚቴው ሐሳብ አጠረው። እኔም ኮሚቴው ውስጥ አለሁ፤ ማንም መርጦኝ ሳይሆን አግዳሚ ወንበር ስጠግን ስብሰባ ጀመሩና ሳልወጣ ቀረሁ። «የይቅርታ ቅዳሜ ቢሆንስ?» አልኩ። «ሁሉም ሰው የበደለውን ሰው ቤቱ ድረስ ሄዶ ይቅርታ ይጠይቅ።» ካህኑ ደስ አላቸውና፣ «እግዚአብሔር ነው በአንደበትህ የተናገረው» አሉኝ። እሱ ይቅር ይበለኝ እንጂ የተናገርኩት እኔ ነኝ፤ ስናገርም በሐሳቤ የነበረችው እህቴ ብቻ ናት። ጸሐፊያችን ጡረታ የወጡ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ስለሆኑ ወረቀት ላይ ያልሰፈረ ነገር ተደረገ ብለው አያምኑም። ወዲያው ካርድ አሳተሙ። ከላይ «ይቅርታ ጠያቂ»፣ ከታች «ይቅርታ ሰጪ»፣ ከጎን ፊርማና ቀን። ካርዱ ተፈርሞ እሁድ ይመለሳል። እኔም «ይቅርታ ሰጪ» የሚለው መስመር ላይ የምፈርምበት አዲስ እስክሪብቶ ገዛሁ።

ራሴን ሳልመረምር ቀረሁ እንዳትሉ። ዓርብ ቀኑን ሙሉ ሚስማር እየመታሁ፣ ማንን በድያለሁ ብዬ ከልቤ ፈለግሁ። አንዲት የጎረቤት ድመት ትዝ አለችኝ፤ እሷም ሞታለች። የበደሉኝን ስቆጥር ግን ጣቶቼ አልበቁኝም። ከዚያ ደግሞ አንድ ከባድ ጥያቄ መጣብኝ። ሁላችንም ይቅርታ ልንጠይቅ ከወጣን ቤት ማን ይገኛል? የመጣው ሁሉ የተዘጋ በር አንኳኩቶ ሊመለስ ነው? አንድ ሰው መሥዋዕት ሆኖ ቤቱ መቀመጥ ነበረበት፣ ያም ሰው እኔ ሆንኩ። የበደሉኝን አጣርቼ ወደ ሰባት ዝቅ አደረግኋቸው። መምህሩ አለ፣ «ጋሽ ሚስማር ጋ የሰጡት ወንበር የሚመለሰው ለልጅ ልጅ ነው» እያለ የሚያስወራብኝ። ቀጭኑ የምንለው የታችኛው መንገድ ሶፋ አልባሽ አለ፣ የሱቄን ማስታወቂያ ቀለሙ ሳይቀር የቀዳው። ጸሐፊው አሉ፣ ስብሰባ ላይ ሁለት ጊዜ ንግግሬን ያቋረጡት። ሌሎቹን ተዉአቸው፤ እውነቱን ለመናገር ስድስቱ ለአጀብ ናቸው። የምጠብቃት ሰባተኛዋን፣ እህቴን ነው። መስኮቱ ሥር ያለውን፣ የማይወጋውን ወንበር ለእሷ አደረግሁት።

እህቴ በዘጠኝ ዓመት ትበልጠኛለች፣ እትዬ ነው የምላት። ሦስት ዓመት ሙሉ ቃል አልተለዋወጥንም። የምንሄደው አንድ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ እሷ ከፊተኛው አግዳሚ ትቀመጣለች፣ እኔ ከኋለኛው። ሲያልቅ እሷ በግራው በር ትወጣለች፣ እኔ በቀኙ። ሰኞ ደግሞ ጓዟን ጠቅልላ፣ የሁለት ቀን መንገድ ተጉዛ፣ ልጇ ጋ ልትኖር ነው። በስልሳ ስምንት ዓመቷ እንዲያ ርቃ ከሄደች ተመልሳ አትመጣም። ይቺ ቅዳሜ ካለፈች ሁለተኛ የምንገናኘው አንዳችን ሳጥን ውስጥ ሆነን ነው። ግን የበደለችኝ እሷ ናት፣ እኔ ምን ላድርግ?

ነገሩ እንዲህ ነው። እናታችን የመጨረሻ ዓመታቷን የኖረችው አንዲት ባለ መደገፊያ ወንበር ላይ ነው። አረንጓዴው ጨርቅ ቀኝ እጇን የምታሳርፍበት ቦታ ላይ ስትዳብሰው፣ ስትዳብሰው ክሩ ወጥቶ ነበር። ጭንቅላቷን የምታስደግፍበትም ቦታ የፀጉር ቅባቷ ክብ ሠርቶበታል። ስትሞት ወንበሩ ለእህቴ ደረሰ። ሰው የሚያዝነው በሚያውቀው ነው። እኔም ወንበሩን ወደ ሱቄ ወሰድኩና፣ አንዱ ሜትር የሦስት ቀን ገቢዬን የሚበላ ቡናማ ከፋይ አለበስኩት፤ ከዚያም ሐዘንተኛ በተሰበሰበበት ይዤው ገባሁ። «ያ ቡትቶ ሁሉ ተገፎ ተቃጥሏል! እስከ አጥንቱ አዲስ ነው!» አልኩ። የጠበቅኩት ምርቃት ነበር። እህቴ ቀኝ መደገፊያውን ዳበሰችው፣ ደግማ ዳበሰችው፣ ከዚያ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «እናቴን ሁለተኛ ገደልካት! የእጇን ምልክት ገፍፈህ እሳት ውስጥ ጨመርከው?» አለች። በገዛ ከፋዬ፣ በደንበኞቼ ፊት፣ ነፍሰ ገዳይ ተባልኩ። ታዲያ ለዚህ ይቅርታ ልጠየቅ አይገባኝም?

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ በእናታችሁ ለማንም እንዳትናገሩ። ጨርቁ አልተገፈፈም። አልተቃጠለም። እዚያው ከከፋዩ ሥር ነው ያለው። ጥሩ ሶፋ አልባሽ አሮጌውን ጨርቅ ሚስማር በሚስማር ነቅሎ፣ እንጨቱን አራቁቶ ነው አዲሱን የሚያለብሰው። እኔም ሱቄ በር ላይ «አሮጌ ጨርቅ ሙሉ በሙሉ ይነሳል» ብዬ በቀይ ቀለም አስጽፌያለሁ። ግን የዚያ ወንበር ሚስማር ብዛቱ! ዝገቱ! እኔም ደክሞኝ ነበር። መቀመጫውን ብቻ ቀየርኩና በቀረው ላይ ደርቤ መታሁበት። እህቴ ስትጮህ አንድ ቃል ብተነፍስ ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። ዙሪያዬን ሳይ ግን ግማሹ ሐዘንተኛ ደንበኛዬ ነው፣ ዝም አልኩ። በመጀመሪያው ቀን ዝም ያለ ሰው በሁለተኛው መናገር ይከብደዋል፤ ሦስት ዓመት ሲሞላማ ጭራሽ ያቃጠልኩት ይመስለኝ ጀመር።

ባለቤቴ ሦስት ሰዓት ላይ ሁለት ካርድ በቦርሳዋ ይዛ ልትወጣ ስትል፣ «አንቺ ደግሞ ማንን በድለሽ ነው?» አልኳት። «እንዳንተ ቀኑን ሙሉ ማሰብ አላስፈለገኝም» ብላኝ ወጣች። እኔ በሰባት ወንበሮች ፊት ቁጭ አልኩ። ሻይ አፍልቼ በፔርሙስ አስቀመጥኩ፣ እንግዳ እስኪመጣ እንደማልጠጣው እያወቅኩ ሽታውን ሳብ አደረግሁት። በመስኮት ሳይ ሰፈሩ በሰው ተጥለቅልቋል። ዳቦ ጋጋሪው ከአማቱ ጋር አጥር ሥር ተቃቅፈው ይላቀሳሉ። ሁለት ሴቶች አንዷ ሌላዋ ጀርባ ላይ ወረቀት አስደግፋ ትፈርማለች። የላዩም የታቹም በር ይንኳኳል። ያለኮሽታ የዋለው የእኔ በር ብቻ ነው። እንዲያውም አንድ ጊዜ ተበላሽቶ እንደሆን ብዬ ወጥቼ ራሴ አንኳኳሁት፤ ደህና ይሰማል።

አምስት ሰዓት ላይ እውነተኛ አንኳኪ መጣ። መምህሩ ነው። ልቤ ሞቀ፤ ከሁሉ ቀድሞ እሱ በመምጣቱ ቅር ብሎኝ የነበረው ሁሉ ለቀቀኝ። «ይግቡ መምህር፣ ይግቡ» አልኩና እስክሪብቶዬን መዘዝኩ።

«እንኳን ቤት አገኘሁዎት» አለ። «ወንበሬን ልወስድ ነው።»

«ሌላ የሚሉኝ ነገር የለም?»

ትንሽ አሰበ። «አለ» አለ። «አራት ወር ሙሉ ማክሰኞ ይምጡ፣ ማክሰኞ ይምጡ ብለውኛል። እኔ ወገቤን ያመኛል፣ ጋሽ ሚስማር። አራት ወር የፈተና ወረቀት ያረምኩት በርጩማ ላይ ተቀምጬ ነው።» ተቆጥቶ ቢናገር መልስ አላጣም ነበር፤ የተናገረው ግን እንደ ደከመው ሰው ነው። ጀርባ የሌለውን ወንበር ተሸክሞ ወጣ። በረድፉ መሃል እንደ ወለቀ ጥርስ ያለ ክፍተት ቀረ። ለአፍታ ካርዶቹን አየሁ፣ ካርዶቹም አዩኝ። ዛሬ የምጠብቀው ሌላ ጉዳይ ነው አልኩና ስድስቱን ወንበር ጠጋ ጠጋ አደረግኋቸው።

ባለቤቴ የተመለሰችው ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ዓይኗ ቀልቷል፣ ፊቷ ግን በርቷል።

«የት ቆየሽ?»

«እትዬ ጋ።» መሀረቧን አጣጠፈች። «አንተን ፈርቼ ሦስት ዓመት በሯን ሳላንኳኳ መኖሬ እኔን አሳፈረኝ። ይቅርታ ጠየቅኋት፣ ፈረመችልኝ፣ ዕቃዋን አብረን አሠርን። ያንን ወንበር ግን አልወስደውም አለች። የማላውቀው ወንበር ነው አለች። ለአረጋውያን ቤቱ ሰጥታዋለች፤ ቀጭኑ ለጾሙ ብሎ በነፃ ሊያድሰው ቃል ገብቶ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በመኪና ይወስደዋል። መጀመሪያ እስከ እንጨቱ እገፍፈዋለሁ ብሏል።»

ክው አልኩ። እዚህ ላይ፣ የእናቴ ጨርቅ ሊጠፋ ነው ብዬ ሮጥኩ ብላችሁ ደስ ባለኝ። የሮጥኩት ለስሜ ነው። ቀጭኑ ያንን ከፋይ ሲያነሳ፣ «ሙሉ በሙሉ ይነሳል» የሚለው ሰውዬ ደራቢ መሆኑ በዓለም ሊታወቅ ነው! እግሬ አውጪኝ አልኩ። መንገድ ላይ ዘዴ ፈጠርኩ፤ ወንበሩን እኔ አድሼ ላስረክብ እላለሁ፣ ሱቅ አስገባዋለሁ፣ ነገሩ እዚያው ይቀበራል። ሰው እየዞረ ሲያየኝ ከረባቴን አድንቆ መሰለኝ። እህቴ በር ስደርስ ነው በቤት ነጠላ ጫማ መምጣቴን ያየሁት።

በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ቤቱ ባዶ ሆኗል። ካርቶኖቹ በገመድ ታሥረው በግድግዳው ሥር ተደርድረዋል፣ ፎቶዎች የነበሩበት ቦታ ነጣ ነጣ ብሎ ይታያል። መሃል ላይ የእናታችን ወንበር ብቻዋን ቆማለች። ከአጠገቧ ትንሽ ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ብርጭቆ፣ አንድ ካርድ፣ አንድ እስክሪብቶ። እህቴ የክት ልብሷን ለብሳ ካርቶን ላይ ተቀምጣለች።

«መጣህ?» አለች።

«መጣሁ፣ እትዬ።»

«ከጠዋት ጀምሮ ስጠብቅህ።»

«እኔም ከጠዋት ጀምሮ ስጠብቅሽ ነበር።»

ከደረት ኪሴ የወጣውን እስክሪብቶ አየች። እኔም የእሷን አየሁ። እሱም አዲስ ነው። ይቅርታ ሰጪ ሁለት፣ ጠያቂ የለም። የአንድ እናት ልጆች መሆናችንን ሦስት ዓመት ረስቼው ነበር። «ተቀመጥ» አለችኝ፣ የእናታችን ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ከፋዩ ከሱቄ እንደወጣ ነው፤ በመጨረሻ በእጄ ያስተኛሁት የጨርቁ ፀጉር እንኳ አልተነካም። ሦስት ዓመት ማንም አልተቀመጠበትም። ያኔ ነው የገባኝ፤ በዚህች ክፍል ውስጥ ሌላ ላይ እየተቀመጠች ይህን ወንበር ስታየው ኖራለች። ያዘጋጀሁትን ዘዴ ለመናገር ጉሮሮዬን ስጠርግ ውጭ መኪና ቆመ።

ቀጭኑ ሰላምታ ሰጥቶ ገባና እኔን ሲያይ ደንገጥ አለ። ከወንበሩ ተነሣሁለት። በሙያው ልማድ መደገፊያውን በአውራ ጣቱ ጫን አደረገው። ደግሞ ጫን አደረገው። ቀና ብሎ አየኝ። አወቀ! ውሃ ሆንኩ። ያ ማስታወቂያዬን የቀዳ ሰው፣ በሰፈሩ ሊያዋርደኝ የሚችልበት ቀን የመጣለት ሰው፣ ዓይኑን መለሰና፣ «እንግዲህ ልውሰደው፣ እማማ» ብቻ አለ። እህቴ ወንበሩ ሲወጣ ላለማየት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ጀርባዋ ቁርጥ የእናቴ ጀርባ ነበር፤ ያው ጎበጥ ያለ፣ ያው አንድ ትከሻው ዝቅ ያለ።

«ቆይ» አልኩ።

ሚስማር መንቀያዬ ከረባት ባስርም ከኋላ ኪሴ አትጠፋም። ተንበረከኩ። በቀኝ መደገፊያው ሥር የመጀመሪያውን ሚስማር ነቀልኩ፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን። አራተኛው እምቢ ሲለኝ ቀጭኑ ጠጋ ብሎ መደገፊያውን ያዘልኝ። ከፋዩን ወደ ኋላ ገለበጥኩት። አረንጓዴው ብቅ አለ። ክሩ የወጣበት ቦታ፣ የአራት ጣቶች መንገድ፣ እንዳለ።

እህቴ ዞረች። መጣችና እጇን እዚያ ላይ አሳረፈች። ቀጭኑ ባርኔጣውን አወለቀ። «ለእናትየው ክብር ብለህ ነዋ ያስቀረኸው» አለ በዝግታ። እህቴ እንባ በሞላ ዓይኗ ቀና ብላ አየችኝ። ልብ በሉ፣ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶልኛል! አንድ ጊዜ ራሴን ብነቀንቅ ከነፍሰ ገዳይነት ወደ ጻድቅነት ልሻገር ነው። ራሴም ሊነቀነቅ ጀምሮ ነበር።

«አይደለም» አልኩ። «ሰንፌ ነው። ሚስማሩ በዛብኝና ደረብኩበት። አንቺ ስትጮሂ ልነግርሽ ፈልጌ ነበር፣ ግን ደንበኛ ይሸሸኛል ብዬ ዝም አልኩ። ሦስት ዓመት፣ እትዬ። እናታችንን እዚሁ እያለች ቀበርኩብሽ። ዛሬም የሮጥኩት እንዳልጋለጥ ብዬ ነው። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። እያለቀሰች መስሎኝ ውሃ ልፈልግላት ስነሣ ነው ሳቋ ያመለጣት፤ የእናታችን ሳቅ፣ ትንፋሽ የሚያሳጣው። «አይ ሚስማር!» አለች ዓይኗን እየጠረገች። «እግዜር ስንፍናህን ይባርክልኝ! አንተ ትጉህ ብትሆን እናቴን አጥቻት ነበር።» እኔም ሳቅኩ፣ ከዚያ አለቀስኩ፣ ከዚያ የትኛው እንደሆነ አላወቅኩትም። ቀጭኑ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «እኔስ ብሆን ጀርባውንማ ማን ይገፍፈዋል? በሞቴ ለማንም እንዳትነግር» አለኝ። አልነግርም አልኩት፤ ይኸው ነገርኳችሁ።

ካርዱ ላይ ከላይኛው መስመር ስሜን ጻፍኩ፣ እሷ ከታች ፈረመች። ከዚያ ሁለተኛ ካርድ ከቦርሳዋ አወጣችና በላይኛው መስመር የራሷን ስም ጻፈች። «ገደልካት ያልኩህን» አለች። ያን ያህል የጓጓሁለት የሰጪነት ፊርማዬ ከመስመሩ ወጥቶ ጠረጴዛው ላይ ደረሰ። የመምህሩን ካርድ እሁድ ጠዋት፣ የወንበሩን ጀርባ ተሸክሜ ሄጄ አስፈረምኩ። እዚያም ላይኛው መስመር ላይ ነኝ። መስመሩን ለምጄዋለሁ።

በእናታችን ወንበር ፋንታ ወደ አረጋውያን ቤት የላክነው ከመስኮቴ ሥር ያለውን፣ የራሴን ነው። የእናታችንን አጽድቼ፣ ከፋዩን በሥርዓት ቆርጬ፣ ጠርዙን ልምታልሽ ብላት እህቴ፣ «ንክች እንዳታደርገው!» አለችኝ። ሰኞ ጠዋት የጭነት መኪናው ላይ ከዕቃ ሁሉ በላይ የተጫነችው ያቺ ወንበር ናት። ግማሹ ከፋይ ተንጠልጥሏል፣ ሚስማሮች ተነቅለዋል፣ አረንጓዴው ተገልጧል፤ በሠላሳ ዓመት ሥራዬ ከእጄ የወጣ የከፋ ነገር ነው። ሰፈርተኛው ለመሸኘት ተሰብስቧል። ዳቦ ጋጋሪው ቀና ብሎ አየና፣ «ኧረ ይቺን ወንበር እንዲህ ያደረጋት ማነው?» አለ። እኔ ወደ ሱቄ ሸሸት አልኩ። እህቴ አንገቷን በመኪናው መስኮት አወጣች፣ ሰፈሩ ሁሉ እንዲሰማም ጮክ ብላ፣ «ወንድሜ ነዋ!» አለች።